ፎቶው ላይ ያለው ጥቁር

ድሬ ዳዋ ከስድስት ሰዓት በኋላ ትተኛለች። ቢሮው ይዘጋል፣ ባለ ሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ባንኮኒው ሥር ይጋደማል፣ የኒም ዛፎቹ እንኳ ጥላቸውን እግራቸው ሥር ሰብስበው የሚያንቀላፉ ይመስላሉ። የእናቴን ፀጉር ቀለም የቀባሁት በዚያ ሰዓት ነበር። ዛሬ ሳስበው ነቅቼ ያደረግሁት ነገር አይመስለኝም።

ከዚያ ጥቂት ቀናት በፊት ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ፣ ሶማሊያ ውስጥ ከቆዩት ምርኮኞች ዝርዝር የአባቴ ስም እንደተገኘ፣ በሚመጣው ሐሙስም ከሌሎቹ ጋር በአውቶቡስ እንደሚገባ ነግሮን ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ሚሊሺያ ሆኖ ሄደ። እኔ ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ስምንት ሞልቶኛል። እናቴ ሙት ይሁን ሕያው ሳታውቅ ይህን ሁሉ ዓመት ጥቁር ሻሽ አስራ ኖረች። ከሻሹ ሥር ፀጉሯ ሸበተ።

የቀበሌው ሰው ሲወጣ እልል አላለችም። ሻሿን ፈትታ ከግድግዳው መስታወት ፊት ቆመች።

«ካላወቀኝስ?» አለች።

«እንዴት አያውቅሽም እማዬ?»

«ትቷት የሄደው ሴት የለችማ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አይቶኝ ቢያልፍስ? አንዴ ካለፈኝ በኋላ ቢመለስ ምን ያደርግልኛል?»

 መልስ ሲጠፋኝ የሚለካና የሚነካ ነገር ፍለጋ እሄዳለሁ። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት በራሴ ነው፤ ፈረንሳይኛም ከአባቴ አሮጌ መዝገበ ቃላት ቃል በቃል እየለቀምኩ ነው። የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው በደህናው ጊዜ እንዴት እንደነበረ ነው። እናቴ በደህናው ጊዜ እንዴት እንደነበረች ደግሞ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሏል።

አባቴ ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ከዚራ ሰፈር አንድ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሡት ፎቶ ነው። እናቴ ሻሽ የላትም። ፀጉሯ ከመሀል ተከፍሎ ትከሻዋ ላይ ወርዷል፤ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ሁለት ታጥቦ አንዱን አባቴ በኪሱ ይዞ ሄዷል። እንግዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሲያየው የኖረው ይህንን ነው አልኩ። የሚያውቀው ፀጉር የፎቶው ፀጉር ነው። በዚህ ስሌት ስህተት አላገኘሁበትም።

ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥቼ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ ታይዋን የሚሉት ገበያ ሄድኩ። ሻጮቹ ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የገባውን ዕቃ አንሶላ ላይ ይዘረጋሉ፤ ኮንትሮባንድ የሚይዘው ፊናንስ ፖሊስ ድንገት ከመጣ አራቱን ጫፍ ይዞ መሮጥ ነው። ሽቶ የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴት ከተቀመጠችበት ሥር ሁለት የፈረንሳይ ካርቶን አወጣችልኝ። አንዱ ላይ ጥቁር፣ አንዱ ላይ ቡናማ ይላል። ፎቶዬን አውጥቼ ከካርቶኖቹ ጎን አስጠጋሁት።

«ዋሪያ፣ ቀለም ልትገዛ ነው ወይስ ሚስት ልትመርጥ?»

«ለእናቴ ነው።»

«ለእናት ከሆነማ ቡናማው ነው የሚያምረው። ጥቁሩ ፊት ያስቆጣል።»

«ፎቶው ላይ ጥቁር ነው» አልኳት።

«አቦ! ፎቶ ሁሉ ጥቁር አይደለም እንዴ?» ብላ እስክትነቀነቅ ሳቀች።

ቀልድ መስሎኝ ጥቁሩን ይዤ ሄድኩ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለውን የፈረንሳይኛ መመሪያ ወረቀት ሁለት ሌሊት ተረጎምኩት። ማክሰኞ፣ ግቢው ሁሉ ሲተኛ፣ እናቴን ደጃችን ጥላው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። በግንባሯና በማጅራቷ ዙሪያ ቫዝሊን ቀባሁ፣ ቀለሙ ቆዳ እንዳይዝ። እጆቼን በፌስታል አሰርኩ። ፀጉሯን በአራት ከፍዬ፣ ከካርቶኑ የወጣውን የቱቦ ቀለምና የጠርሙስ ውሃ እኩል ለክቼ አዋህጄ፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ ከሥሩ ወደ ጫፉ መቀባት ጀመርኩ። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። ሰዓቴን ምስማር ላይ ሰቅያታለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ ይላል ወረቀቱ።

የእናቴን ራስ እንዲህ በእጄ ይዤ አላውቅም። ትንሽ ነበር። ከሩቅ የአንድ ጋሪ ቃጭል ተሰማ፣ ቆመ። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ላይ እየተነነ የግቢውን በር ውሃ ውስጥ እንዳለ ያወዛውዘዋል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና፣ በእንቅልፍ ልብ እንደሚናገር ሰው፣

«አባትህ ፀጉሬን ታጥቤ ፀሐይ ላይ ሳደርቅ እደጁ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር» አለች።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይልም። ያያል።»

ብሩሼን ነከርኩ። 

ሠላሳ ደቂቃው ሲሞላ ፀሐይ ላይ ከዋለው በርሜል ለብ ያለውን ውሃ እየቀዳሁ አጠብኳት። ጥቁሩ ውሃ በግቢው ሲሚንቶ ላይ መንገድ አበጅቶ፣ ቀስ እያለ ወረደና ጎረቤታችን በር ሥር ገባ። ጎረቤታችን ግቢው በሙሉ አዴ የሚላት ባልቴት ናት፤ ጥፍሯም መዳፏም ሁልጊዜ በሂና የቀላ። ከእንቅልፏ እየተነጫነጨች ወጣች።

«ያ ረቢ! ይሄ ምንድነው ቤቴ የሚገባው?» ቀና ስትል እናቴን አየቻት። «ቁራ! ወላሂ ቁራ! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«ልጄ ነው። እንደ ድሮዬ ሊያደርገኝ።»

«የቱ ድሮሽ? እዚህ ግቢ ሙሽራ ሆነሽ ስትገቢ ፀጉርሽ ቀይ አልነበረም? እኔ እኮ ይቺ የአማራ ልጅ ሂናውን ከየት አገኘችው ብዬ በስንት ቀኔ ነው ያንቺው መሆኑን ያወቅሁት!»

 እኔ ቤት ገብቼ ፎቶውን አመጣሁና ወደ ብርሃን አዘነበልኩት። ፊቷ ላይ፣ ቀሚሷ ላይ ወረቀቱ ያብለጨልጫል። ፀጉሯ ላይ ግን አያብለጨልጭም፤ ደብዛዛ ነው፣ ጠጋ ብሎ ላየው ቀጫጭን የብሩሽ ሰረዝ አለው። ፎቶ ቤቱ ቀላ ያለው ፀጉር ገርጥቶ ቢወጣበት በቀለም ሞልቶታል። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ያየሁት ፎቶ ነው። አዘንብዬው ግን አላውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ፎቶውን ሳይ ሳይ» አለች፣ እርጥቡን ፀጉሯን በጣቷ እየነካች፣ «እኔም እንደዚያ የነበርኩ መስሎኝ።»

ሁለቴ በሳሙና አጠብኳት፤ አልለቀቀም። አዴ ሂናዋ እንኳ ጥቁር ላይ እንደማይታይ ነገረችን። ይባስ ብሎ ጆሮዋን ቫዝሊን መቀባት ረስቼ ኖሯል፤ የቀኝ ጆሮዋ ጫፍ እንደ ቀለም ብዕር ጠቁሯል። በሎሚ አሸሁት። ጆሮዋ ቀላ እንጂ ጥቁሩ ንቅንቅ አላለም።

ሐሙስ ሻሹን ልታስር አነሣችው። አዴ ከእጇ ነጠቀቻት። «የሐዘን ጨርቅ አስረሽ ባል ትቀበያለሽ? ቁራ እንደሆንሽ ሂጂ!» እናቴ ነጠላዋን ብቻ ጣል አድርጋ ወጣች። ደረቁን የደቻቱን ወንዝ በአሸዋው ላይ ተሻግረን ከባቡር ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ደረስን። ሴቶች ፎቶ ከፍ አድርገው ይዘዋል። እናቴ ፎቶውን አላመጣችም።

አውቶቡሶቹ ቆሙ። የሚወርዱት ሰዎች ሁሉም ከስተዋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ካኪ ለብሰዋል፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሸብተዋል። እናቴ አንዱን ፊት ትታ ወደ ሌላው ትሮጣለች። ዓይኗ ሲያልፋቸው ያኔ ነው የገባኝ፤ ያንን ሁሉ ቀን የተጨነቀችው እሱ እንዳያልፋት ነበር፣ እሷ እሱን ልታልፈው እንደምትችል ሁለታችንም አላሰብንም። አንድ ጎበጥ ያለ ባለ ነጭ ፀጉር ሰውዬ አጠገባችን ቆሟል። አየሁት፤ አለፍኩት። እሷም አየችው፤ አለፈችው።

«ፀጉርሽን ምን አደረግሽው?» አለ ሰውዬው።

እናቴ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ቀይ አልነበረም እንዴ?»

ዞረች። በድምፁ ነው ያወቀችው። ከዚያ ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፣ እንደተከሰሰ ሕፃን ጮኸች፦ «እሱ ነው! እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው የቀባኝ!» እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። አባቴ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

«ይሄ ጎረምሳ ደግሞ ማነው?»

ስንመለስ፣ ደቻቱ መሀል ላይ፣ ስለ ፎቶው ነገርኩት። እሱ ፎቶውን የት እንዳደረሰው ጠየቅሁት።

«እንደ ተያዝኩ ወሰዱብኝ» አለ። «ወር አልቆየም።»

ከዚያ ቆመ። ከተማው ሊተኛ ነው፤ አሸዋው ላይ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። ወደ እናቴ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አየ፣ አውራ ጣቱን በምራቁ አራሰና ጥቁሯን ጫፍ ቀስ እያለ ማሸት ጀመረ። ሎሚ አላስለቀቀውም ልለው አስቤ ተውኩት። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች።