እማማ ዘውዴ በጥርሳቸው የሰሙት

ልጅ ሳለሁ፣ አቃቂ ውስጥ ከአንድ ጥጥ ፋብሪካ ጀርባ፣ ከእማማ ዘውዴ ጋር በአንድ ግድግዳ ተለያይተን እንኖር ነበር። እማማ ዘውዴ ዕድሜያቸውን በሽመና ማሽኖች መሀል ቆመው ስለጨረሱ ጆሯቸው ደንቁሯል፤ ምን ያህል ብትሉኝ፣ መብረቅ ግቢያችን ወርዶ ባህር ዛፉን ለሁለት ሲሰነጥቀው «ማነው በሩን የነካው?» ብለዋል። ስታወራ ትጨምራለች እያሉ ያሙኛል። እውነታቸውን ነው፣ እጨምራለሁ። ይሄንን ግን ቀንሼ ነው የምነግራችሁ፤ ሙሉውን እኔም አልችለው።

ያኔ ማታ ማታ፣ ኩራዙ ጭሱን ወደ ጣሪያው እየላከ፣ የማንደጃው ፍም አመድ እየለበሰ፣ የግቢው ልጆች እግራቸው ስር ተኮልኩለን ተረት እንሰማለን። የተረቱ ጀግና ሁልጊዜ ልጃቸው ወርቅነህ ነው። ወርቅነህ በፋብሪካው ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ጊታር ይመታ ነበር፤ አንድ ምሽት ለፈረቃ ወጥቶ አልተመለሰም። ጊታሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እማማ ዘውዴ ጠፋ አይሉም፤ ሄደ ነው የሚሉት። አንድ ቀን ከአቃቂ ወንዝ ስር ለአዞዎች ሰርግ ይጫወታል፣ በማግስቱ ጣቢያ በማይቆም ባቡር ላይ ፊት ለሌላቸው መንገደኞች፣ ሌላ ቀን ደግሞ ሱዳን በረሃ ገብቶ ከነፋስ ጋር ይወዳደራል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ጉድ፣ እስቲ እዚያ የመታውን ምቺልኝ!» ይሉኛል።

ከኔ የሚረዝመውን ጊታር አወርዳለሁ። እሳቸው የጊታሩን ራስ በጥርሳቸው ነክሰው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ድምፁ በእንጨቱ አልፎ በጥርሳቸው ይገባላቸዋል። ለአዞዎቹ ችክችካ የመሰለ ነገር፣ ለባቡሩ የሚያንቀላፋ ብሉዝ፣ ስሙን ያኔ መች አውቄው፣ ለበረሃው የሱዳን ምት። ካላመኑኝ ጥርሳቸውን አላቀው «ውሸታም! እዚያ አገር እንዲህ አይመታም!» ይላሉ፤ እንደገና እጀምራለሁ። ተረቱ ግን አያልቅም። ወርቅነህ አይሞትም፣ ቤቱም አይደርስም። መንገድ ላይ እንዳለ «ነገ» ብለው ፍሙን በአመድ ይቀብሩታል።

ከዚያ መርዶው መጣ። ከወርቅነህ ጋር ታስሮ የነበረ ሰው ተፈትቶ፣ ልጁ እስር ቤት መሞቱን ለእድራችን ዳኛ ለጋሽ ሁንዴ ነገራቸው። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ሁንዴና ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ፤ እኛ ጎረቤቶችም ተከተልን። መርዶ እንደሚነገረው፣ ጋሽ ሁንዴ አንገታቸውን ደፍተው በዝግታ ተናገሩት። እማማ ዘውዴ አልሰሙም።

«ጮክ በል እንጂ ሁንዴ! ትናንት እራት አልበላህም እንዴ?»

ጋሽ ሁንዴ ዞረው ሽማግሌዎቹን አዩ። ሞትን እንደ ወያላ ጮኾ መንገር የሚችል ማን አለ?

«ገባኝ፣ ተረት አምሯችሁ ነው» አሉ እማማ ዘውዴ እየሳቁ። «እናንተም እንደ ልጆቹ ሆናችሁ? በሉ ወርቅነህ ዛሬ የት እንደዋለ ልንገራችሁ።»

ጀመሩ። ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ የሞተ ሰው ተራራ ሲወጣ፣ ወንዝ ሲሻገር ቁጭ ብሎ አዳመጠ። ማንም ሊያቋርጣቸው አልደፈረም። አንዱ ለቅሶው እንዳያመልጠው የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ጎስጉሷል።

«ምቺልኝ!» አሉኝ ሲጨርሱ።

እናቴ ትከሻዬን ያዘች። «ተዪያት» አሉ ጋሽ ሁንዴ።

ጊታሩን አወረድኩ፣ እሳቸውም ነከሱት። ጣቶቼን ክሮቹ ላይ አሳረፍኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። እማማ ዘውዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። እንባዬ እንጨቱ ላይ ጠብ አለ፤ ደግሞ ጠብ አለ። እምላችኋለሁ፣ መብረቅ ያልሰሙት ሴትዮ ያንን ሰሙት። ዓይናቸውን ገልጠው የሽማግሌዎቹን ፊት አንድ በአንድ አዩ። ጥርሳቸውን ቀስ ብለው አላቀቁ።

«መቼ?» አሉ።

ኡኡታው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ለቅሶው አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል፣ አንድ ማታ እንደ ልማዳችን ሄደን በራቸው ላይ ቆምን። ይተርካሉ ብለን እንኳ አይደለም፤ እግራችን ወሰደን። እማማ ዘውዴ ጊታሩን ራሳቸው አውርደው እቅፌ ላይ አስቀመጡት።

«ከእንግዲህ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም» አሉኝ። «አንቺ ውሰጂው።»

ይኸው እስከ ዛሬ እወስደዋለሁ። ጃዝ ትጫወታለች ሲሉ ሬጌ፣ ሬጌውን ሲለምዱት ትዝታ እያልኩ፣ የራሴንም ዜማ እየደረስኩ፣ በየሆቴሉና በየሰርጉ አረጀሁ። የካሴት አሳታሚዎች «አንድ ስልት ላይ ቁሚና እናስፈርምሽ» ሲሉኝ እምቢ ብዬ ብቻዬን ቀረሁ፤ እልኸኛ ይሉኛል። ምን ብዬ ላስረዳቸው? አንድ ስልት ላይ ስቆም፣ ወርቅነህም እዚያው ይቆምብኛል። የቆመ ቀን ያ የመርዶው ጠዋት ዝምታ ይመጣል። አሁን በምኖርበት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አዲስ ዜማ ስጀምር ከጎኔ አንድ ሰው የጫማውን ክር ሲያስር ይሰማኛል። የኔ ጣቶች ደንዝዘዋል፤ እሱ ግን ዛሬም ለፈረቃ እንደወጣበት ቀን ወጣት ነው፣ ዛሬም አልደከመውም።