የአሥር ሰዓቱ አውቶቡስ

ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን፣ የመርሳት ሕመም ያለባቸው አረጋውያን «ቤታችን እንሂድ» እያሉ የሆስፒታሉን ክፍል በር ይደበድባሉ። ይሄኔ በጎ ፈቃደኛው፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ ኮፍያውን አጣሞ ከተፍ ይላል። ወንበሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ይደረድርና «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይላል። ሶፍት እየቀደደ ትኬት ያድላል። «ኩርባ!» ሲል ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላሉ። አንዷ እማማ «ሾፌር፣ ቀስ በል፣ ልትፈጀን ነው!» ብለው በሳቅ ፍርስ ይላሉ። ሻይ ሲመጣ «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ በሩን የሚያስታውሰው የለም።

የመስኮቱ ወንበር ላይ ግን ማንንም አያስቀምጥም። «ተይዟል!» ነው መልሱ።

ዛሬ ነርሷ የሳቅ እንባዋን እየጠረገች «ለማን ነው ጋሼ?» አለችው።

«ለእናቴ» አለ፣ ወንበሩ ላይ ትኬት እያስቀመጠ። «እሷም ቤታችን እንሂድ ስትለኝ፣ እኔ በር ነበር የምቆልፍባት።»