ዝቅ አድርጌ ሴቭ ያደረግሁት የጥሪ ካርድ

ሐይቅ ከተማ የሠርግ ጥሪ ካርድ የምሠራባት አንድ ክፍል ሱቅ አለችኝ። ላፕቶፑን ከዐረብ አገር ስመለስ ነው ያመጣሁት፤ ፕሮግራሙም አዲስ የወጣው ነው። ካርዶቼን የሚያትሙልኝ ግን ደሴ ያሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸው ኮምፒውተር ያረጀ ስለሆነ የኔን ፋይል አልከፍትም ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እየደወሉ «ዝቅ አድርገሽ ሴቭ አድርጊልኝ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላ ነበር። እኔ ለምን ዝቅ እላለሁ? እሳቸው ከፍ አይሉም? ወላሂ፣ እንዲሁ ብዬ በስልክ ነግሬያቸዋለሁ። ሳቁብኝ። «ዝቅ የሚለው ፋይሉ ነው እንጂ አንቺንማ ማን ችሎሽ!» አሉኝ።

አሁን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነው የምሠራው። ለአሮጌው ቨርዥን ሴቭ አደርጋለሁ። የኔ ፎንት እሳቸው ጋ ስለሌለ ደግሞ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ሥዕል እለውጠዋለሁ። ሥዕል ከሆነ መልኩ አይበላሽም፤ ታዲያ እንደ ፊደል ተጽፎ አይታረምም።

ባለፈው የሠርግ ሰሞን አንዲት የውጫሌ በርበሬ ነጋዴ ለሴት ልጃቸው ሠርግ ካርድ አዘዙኝ። ባልየው ልጅቱ ጡት ሳትጥል ጥሏቸው ሄዶ ሌላ ትዳር ይዟል፤ ለብቻቸው ነው ያሳደጓት። «የእሱ ስም እንዳይገባ፣ አደራ!» አሉኝ። አላስገባሁም። ፋይሉን እንደ ልማዴ ዝቅ አድርጌ ፍላሹን ያዝኩና አብረን ደሴ ሄድን። ካርዱን በማግሥቱ ገበያ ላይ ለዘመድ ማደል አለባቸው፤ ያ ካለፈ ያን ሁሉ ሰው አንድ ቦታ አያገኙትም።

ለናሙና አንድ ካርድ ወጣ። እናትየዋ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡና ቆም አሉ።

«'ልጃችንን' ይላል» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «ከማን ጋር ነው?»

ክው አልኩ። ዐረፍተ ነገሩን ከድሮ ካርድ ነው የገለበጥኩት። ስሙን አውጥቼ ሰውዬውን እዚያው ትቼዋለሁ! እኝህ ሴት ያን ሁሉ ዓመት ለብቻቸው ተንገላተው፣ በኔ ዝርክርክነት እሱ አባት ሆኖ ሊጠራ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐይቅ ተመልሼ አስተካክዬ እስክመጣ ማተሚያ ቤቱ ይዘጋል።

«ጋሼ፣ ፊደል አይደለም እኮ፤ ሥዕል ሆኗል» አልኩ፤ እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

«አብሽሪ» አሉ ሽማግሌው። መነጽራቸውን አድርገው ቃሉን አጎሉት። «ች»ን አጠፉ፤ አንዷን «ን» አጠፉ። የ«ጃ»ን አጭር እግር ጎተት አድርገው ከሌላኛው እግር ጋር እኩል አደረጉት። ከዚያ ከታች ካለ አንድ «ቤ» ላይ ቀለበቷን ቀዱና የቀኝ እግሩ ሥር ለጠፏት። «ጄ» ሆነ። ወላሂ፣ ለኔም አያስታውቅም።

«ይኸው፣ ከሙሽራዋ በፊት ለፊደሉ ቀለበት አሰርንለት» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ። እኔም እፎይ ብዬ አብሬ ሳቅሁ፤ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። እኝህን ሰውዬ ነው እንግዲህ ከፍ ይበሉ ስል የነበረው!

ያን ጊዜ ነው ዐይኔ ዝቅ ብሎ «ስለምንድር» እና «እንጠራለን» የሚሉት ላይ ያረፈው። እዚህም እኛ፣ እዚያም እኛ። ዝም ልበል ወይስ ልናገር? ሁለተኛ አላፍርም አልኩና ተናገርኩ።

«እትዬ፣ እነዚህም በብዙ ናቸው። 'እጠራለሁ' ይባል?»

«ተይው!» አሉኝ። «ድንኳኑን የሚተክሉት ጎረቤቶቼ፤ እንጨቱን የሚፈልጡት ወንድሞቼ። መዳሩም መጥራቱም የሁላችን ነው።» ጣታቸውን «ልጄን» የሚለው ላይ አሳረፉ። «እሷ ግን የኔ ናት።»