ስቴፋ እና የማይቆመው ፈረስ

በካናዳ፣ በሳስካችዋን ሜዳ በረዶው ቀልጦ መሬቱ በተነፈሰ ቁጥር ድንጋይ ይበቅላል። አምና ተለቅሞ ያለቀለት ማሳ ዘንድሮም እንደ አዲስ አብቅሎ ይጠብቃል። የሆሎቫች ቤተሰብ ትንሣኤ በዋለ በሳምንቱ ለቀማ ይወጣል። አባት ሴሜን ፈረሱን ይመራል፤ ፈረሱ ጎማ የሌለውን የእንጨት መጎተቻ መሬት ለመሬት ይስባል፤ የቀሩት ከኋላ እየለቀሙ መጎተቻው ላይ ይወረውራሉ። ፈረሱ አይቆምም፤ አንዴ ከቆመ ማን ያስነሳዋል? ስለዚህ ስቴፋ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጎንበስ ብላ አንስታ፣ ሳትቃና ከትከሻዋ በላይ ወርውራ፣ በሚሄድ መጎተቻ ላይ ድንጋይ ታሳርፍ ነበር። ይህን እንደ ችሎታ የቆጠረው ሰው አልነበረም። ሥራ ነዋ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት የሴቶች ቤዝቦል ቡድን መልማይ ስትወረውር አያትና አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ወሰዳት። በዚያ ዘመን ሴቶቹ ኳስ የሚወረውሩት ክንዳቸውን ከጭናቸው አጠገብ አወናጭፈው፣ ከታች ወደ ላይ ነበር። ስቴፋ አምስት ዓመት እንዲህ እየወረወረች የቡድኑን ከተማ ሚልብሩክን አስጨበጨበች። በስድስተኛው ዓመት ግን አዲስ ደንብ መጣ፤ ከእንግዲህ ኳስ የሚወረወረው እንደ ወንዶቹ ከትከሻ በላይ ነው ተባለ።

አሰልጣኙ ሚስተር ራስክ በወጣትነቱ ስም የነበረው ወርዋሪ ነው። የሚያውቀውን አስተማራት፤ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ሁለት እጅን ከራስ በላይ ማዞር፣ ግራ ጉልበትን እስከ ደረት ማንሳት፣ ከዚያ መልቀቅ። ስቴፋ ታዘዘች፤ ኳሱ ግን አልታዘዘም። አንዱ የውሃውን ባልዲ ገለበጠ። አንዱ አጥር ዘሎ የኦቾሎኒ ሻጩን ባርኔጣ አነሳው።

«ስቴፋ! እኛም የእናት ልጆች ነን፣ እዘኝልን!» አለ አንዱ ተመልካች።

«ለሻጩ የራስ ቁር ግዙለት!» አለ ሌላው።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ሚስተር ራስክ ጠራት። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«ልጄ፣ የፊታችን ቅዳሜ አንድ ጨዋታ እሰጥሻለሁ። ካልሆነልሽ...» አለና ከደረት ኪሱ የባቡር ቲኬት አወጣ። ወደ ቤቷ የሚመልሳት ቲኬት ነበር።

የዚያኑ ዕለት የእናቷ የፓራስካ ደብዳቤ ደረሳት። ስቴፋ ከወር በፊት «አሰልጣኙ እንደሚለኝ መወርወር አቅቶኛል» ብላ ጽፋላት ነበር።

«ስቴፋዬ፣ አቃተኝ ያልሽውን አንብቤ ሳቅሁ። ዘንድሮ ወንድምሽ ከአራት ድንጋይ ሦስቱን የሚጥለው ፈረሱ እግር ሥር ነው፤ አባትሽም ‹ስቴፋ እኮ ስታ አታውቅም› እያለ ይቆጣዋል። ሳኦል ዳዊትን የብረት ጥሩሩን ቢያለብሰው መራመድ አልቻለም፤ አውልቆ የለመደውን ያዘ። አንቺም የአሰልጣኝሽን ጥሩር አውልቂ።»

ስቴፋ ደብዳቤውን ደግማ አነበበችው። ከዚያ ኳሷን ወደምትቀበለው ጓደኛዋ ወደ ዶሪን ሮጠች።

«ጓንትሽን ያዢና ነይ።»

«ምሳ ሳልበላ?»

«ምሳው እግር የለውም። አሁን ከፊቴ ወደ ጎን ሂጂ፤ እንዳትቆሚ።»

«ወዴት ነው የምሄደው?»

«ዝም ብለሽ እንደ ፈረስ ሂጂ።»

«አምስት ዓመት አብሬሽ ኖሬ ፈረስ አልሽኝ!»

ስቴፋ ጎንበስ ብላ ኳሱን ከሣሩ አነሳች፤ ሳትቃና ክንዷን ከትከሻዋ በላይ አሳልፋ ለቀቀችው። ጓንቱ ጮኸ። ደገመች፤ ጮኸ። ከሃያኛው በኋላ ዶሪን ጓንቷን አውልቃ መዳፏን እፍ አለችበት።

«በስመ አብ! ይሄን የት ደብቀሽው ኖርሽ?»

«ማሳ ላይ።»

ቅዳሜ ሜዳው ሞላ። ስቴፋ እንደ አባቶቿ ሥርዓት አማተበች።

«ዝንብ ነው የምታባርሪው?» አሉ ከወዲያ የተጋጣሚ ደጋፊዎች። ጎንበስ ስትል ደግሞ «ምን ጠፋብሽ? እንፈልግልሽ?» ብለው ሳቁ። ሚስተር ራስክ ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ።

የመጀመሪያው ኳስ መቺዋ ዱላዋን ሳታነሳ አለፈ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሳቁ እየሳሳ ሄደ፤ ባርኔጣውም ቀስ በቀስ ከሚስተር ራስክ ፊት ወረደ።

በመጨረሻው ዙር ሚልብሩክ በአንድ ነጥብ ይመራል፤ የተጋጣሚ ሯጮች ነጥብ ሊያስቆጥሩ ሁለት ማረፊያ ላይ ቆመዋል። የቀረችው ሎሬታ የምትባል ቁመተ ረጅም መቺ ናት፤ ሦስቴ ከሳተች ጨዋታው ያበቃል።

«አንቺ አጎንባሽ!» አለቻት ዱላዋን እያወዛወዘች፣ «ሂጂና ጎመንሽን ኮትኩቺ!»

ስቴፋ ጎንበስ አለች። አንዱን ወረወረች፤ ሎሬታ ሳተች። ሁለተኛውንም ሳተች። ለሦስተኛው ስታጎነብስ ለስቴፋ የታያት የዶሪን ጓንት አልነበረም፤ ጭቃ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄደው የአባቷ መጎተቻ ነበር። ለቀቀችው። ሎሬታ ባለ በሌለ ኃይሏ ሰነዘረች፤ የመታችው ግን ነፋስ ነበር፤ ዱላውም ከእጇ ወጥቶ ተሽከረከረ።

ሜዳው በጩኸት ተናወጠ። ዶሪን ሮጣ ተሸከመቻት። ሚስተር ራስክ ቲኬቱን አውጥቶ ሊቀደው ሲል ስቴፋ ከላይ ሆና ጮኸች።

«ኧረ አይቅደዱት! መስከረም ላይ ውድድሩ ሲያበቃ በምን ልሄድ ነው?»

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ወረወረች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በመጣው ጸደይ፣ ወደ ቡድኗ ከመመለሷ በፊት፣ ለቀማ ወጣች። ወንድሟ ደስ ብሎት ቦታውን ለቀቀላት። ጎንበስ አለች፣ አነሳች፣ ወረወረች፤ ድንጋዩ የመጎተቻው መሐል ላይ ዷ አለ።

«ሰው ከፍሎ የሚያይሽ ለዚህ ነው?» አለች ፓራስካ።

«ለዚህ ነው እማ።»

እናቷ አማተበች። «እኛማ ስንት ዓመት በነፃ አየን፤ ተመስገን። በይ አትቁሚ፣ ፈረሱ እየሄደ ነው።»