ከነጥቧ አጠገብ ያለው ሰዓት

አጎቴ ሳጥኑን በበቅሏቸው ኮርቻ ላይ ሲያስሩ ቋጠሮውን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ። ከገነተ ማርያም በታች እስካለው ወንዝ ወስደውት እንዲመለሱ ያጨኋቸውም እኔ። የዩኒቨርሲቲያችን አማተር ሬዲዮ ክበብ በክረምቱ ዕረፍት ላሊበላ የመጣው፣ ተንቀሳቃሽ ሬዲዮ ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያሳውቅበትን ዘዴ ለመሞከር ነበር። ሬዲዮው ያለበት ሳጥን ቦታውን ከሳተላይት ያውቃል፤ በየሁለት ደቂቃው በሬዲዮ ይልካል፤ አሸተን ማርያም ካለው ተራራ ላይ የተከልነው ሬዲዮ ተቀብሎ እናቴ ቤት ላስቀመጥነው ኮምፒውተር ያቀብላል። ካርታው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ትታያለች። ከዚያ ከፍታ የማይሰማ ቦታ የለም ብለው ነበር መምህራችን።

ነጥቧ ግን አንድ ጠባይ አላት። መልእክቱ ሲቋረጥ አትጠፋም፤ መጨረሻ ከተሰማችበት ቦታ ተተክላ ትቀራለች። የቆየች መሆኗ የሚታወቀው አጠገቧ በደቃቅ ቁጥር ከተጻፈው ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ተረኛ የሆነ ሰው ቦታውን ሲናገር ሰዓቱንም ጮክ ብሎ ማንበብ አለበት። የዚያን ቀን ተረኛዋ እኔ ነበርሁ።

እኩለ ቀን ላይ መምህራችን ከበር ሆነው «የት ደረሱ?» አሉኝ። ሰው በተሰበሰበበት ድምፄን ማሰማት እስከ ዛሬም ይከብደኛል። «ገነተ ማርያም» ብቻ አልሁ። ቆይተው እንደገና ሲጠይቁኝም ያንኑ መለስሁ። ሰዓቱን አላነበብሁም።

«ኧረ እዚያች ጋ ጠላ ቤት አለች!» አለ መንገዱን ባለፈው ቀን ሄዶ ያየው የክበባችን ልጅ። «ሰውየው ተመቻችተዋል በለኛ!»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሰዓቱን ያየሁት ያኔ ነው። ነጥቧ ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይታለች። አጎቴ ወደ ወንዙ ወርደው ገደሉ ጋርዷቸዋል ማለት ነው። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ «ታዲያ እስካሁን ምን ስታነቢ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ታየኝና መልሼ ዘጋሁት።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። አጎቴ ደግሞ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ እንኳ የማይቀምሱ ሰው ናቸው።

ሊመሽ ሲል በጭቃ ተለውሰው መጡ።

«ወንዙ ድረስ ወርጃለሁ መምህር፣ እንዳሉኝ።»

«ማሽኑ ግን ጠላ ቤት ነበሩ ይላል፣ አባቴ» አሉ መምህሩ እየሳቁ።

«እኔ? በፍልሰታ?» በሩ ላይ የቆሙትን ጎረቤቶች አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «እስቲ አንቺ ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል። ምን ይላል?»

ነጥቧን በጣቴ አሳየኋቸው። «እዚያው ነው የሚያሳየው» አልሁ። ቃሉ ውሸት አልነበረም። አውራ ጣቴ ግን ሰዓቱን ሸፍኖት ነበር።

በማግስቱ ሳጥኑን የሌላ ሰው በቅሎ ተሸከመችው። አጎቴ አልተከራከሩም። ሰፈሩ ግን «ሳጥን ያጋለጣቸው» እያለ ይስቅባቸው ጀመር። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲፈታ የሚቆርቡት ሰው ያን ዓመት ቀሩ። «ሕዝቡ ጠላ ቤት አውሎኝ፣ በምን ፊቴ?» ማለታቸውን የሰማሁት ከእናቴ ነው። እኔ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ወደ ትምህርቴ ተመለስሁ።

ተመርቄ ስመጣ በቅሎዋን ብቻቸውን ሲያጥቡ አገኘኋቸው። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ አውቅ ነበር» ብዬ ጀመርሁ፤ የጣቴንም ነገር ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኋቸው። ማጠባቸውን አላቆሙም።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ? እኔ የት እንደነበርሁ አውቃለሁ።»

እሑድ፣ ሰፈሩ በተሰበሰበበት ሰንበቴ ላይ፣ ዳቦው ሳይቆረስ ተነሥቼ ቆምሁ። እጆቼን የት እንደማደርጋቸው አላወቅሁም። ተናግሬ ስጨርስ አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ።

«አልተሰማም ልጄ። ጮክ በይ።»

አጎቴ ከጥጉ ቀና አላሉም። ከመጀመሪያው ጀመርሁ።