አሥራ ሰባቱ አንዶች

የእህቴ ባል በሞያሌ ኬንያ በኩል፣ ማንያታ ሰፈር ውስጥ ቦዳቦዳ የሚባሉትን ሰው በክፍያ የሚያመላልሱ ሞተሮች መለዋወጫ ይሸጣል። ሁለት ነገሮች ያኮሩታል፤ በየማለዳው ቅባት ቀብቶ የሚያበጥረው ሪዙና የሒሳብ ችሎታው። እኔ እዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ሱቁ ብቅ ባልኩ ቁጥር ሳይፈትነኝ አይለቀኝም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገበያው ሲቀዘቅዝ ካርቶን ላይ አንድን ስድስት ጊዜ ደርድሬ ጻፍኩለት። ሁለት ሁለት አድርጎ ቢመድባቸው ቁጥሩ ለአሥራ አንድ፣ ሦስት ሦስት ቢያደርጋቸው ደግሞ ለመቶ አሥራ አንድ ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ነገርኩት። ሞከረው፤ ልክ መጣለት። ዘጠኝ አንዶችን ሞከረ፣ አሥራ አምስትም ሞከረ፣ ደስ አለው። በነጋታው ግን የራሱን ሕግ አውጥቶ ጠበቀኝ፤ አንዶቹ እኩል እኩል ካልተመደቡ ቁጥሩ ለምንም አይካፈልም አለኝ። አሥራ ሰባት አንዶችንም በትልቁ ጽፎ መደርደሪያው ላይ ለጥፏቸዋል።

"ይኼን የሚያካፍል ቁጥር ካመጣህ ሪዜን እላጫለሁ፤ ካቃተህ ያንተ ይላጫል" አለኝ።

ቁጥሩ እንደሚካፈል አውቅ ነበር። አካፋዩንም ከመጽሐፍ አንብቤ በቃሌ ይዤዋለሁ። ወዲያው መናገር ስችል ሲለፋ ማየት አማረኝ። እህቴም ለብቻዬ ጠርታ ቶሎ እንዳልነግረው ለመነችኝ፤ ቁጥሩ ከያዘው ወዲህ ወጡ ላይ አስተያየት መስጠት ትቷል። ስልኩ ያን የሚያህል ቁጥር ሙሉውን ስለማያሳየው የሚያካፍለው በእጁ ነበር። ለሰባት፣ ለአሥራ ሦስት፣ ለአሥራ ዘጠኝ ሞከረ፤ የፍሬን ሸራ ካርቶኖቹ ሁሉ በማካፈል ተሞሉ። ከጎዶማ መንደር የሞተር ጎማ ሊገዙ የመጡ ሰዎች እንኳ ቀሪው እስኪወጣ ቆመው ይጠብቁት ነበር።

አንድ ቀን እኔና እህቴ ሱቁ ውስጥ ሳለን እስክሪብቶውን አስቀመጠና አምስት አንዶች ለአርባ አንድ ያለ ቀሪ መካፈላቸውን ነገረን። አምስት እኩል እኩል አይመደብም፤ ቁጥሩ ግን ተካፈለ። የገዛ ሕጉን ራሱ ማፍረሱ ነበር። አከበርኩት። ከውርርዱ ግን አልወረደም።

"ሕጌ ፈርሷል፤ የተወራረድነው ግን በአሥራ ሰባቱ ነው። በል ምዋሊሙ፣ አካፋዩን ጻፍ" አለኝ፣ መምህርነቴን በስዋሂሊ እየጠራ።

ደረቴን ነፍቼ 2071732 ብዬ ጻፍኩ። ያካፍለዋል ብዬ ስጠብቅ እስክሪብቶውን እንኳ አላነሳም። ቁጥሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ እህቴ ዞረ።

"በአንድ የሚያልቅ ቁጥር በሁለት ለሚያልቅ ሲካፈል አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ጆሮዬ ጋለ። ለሁለት የማይካፈል ቁጥር ለየትኛውም ተጋማሽ ቁጥር እንደማይካፈል በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። አኃዞቹ ተምታተውብኝ ነው ብዬ ብከራከርም እህቴ የተጻፈው ተጽፏል ብላ ፈረደች። ምላጩንም ይዛ የላጨችኝ እሷው ናት።

ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼ ሳቃቸውን በደብተር ሸፈኑ። ከትምህርት በኋላ መጽሐፌን ገለጥኩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠውብኛል። ትክክለኛው 2071723 ነበር። ቦዳቦዳ ይዤ ወደ ሱቁ በረርኩ። ትክክለኛውን ስጽፍለት የእህቴ ባል ማካፈል ጀመረ። መጨረሻው ዜሮ ሲሆንበት አላመነም፤ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ አየው። ከዚያ እህቴን አስጠራና ወንበሩ ላይ አገጩን ቀና አድርጎ ጠበቃት።

አሁን አሥራ ዘጠኝ አንዶችን ይዟል። ያ ቁጥር ከራሱና ከአንድ በቀር ለምንም እንደማይካፈል ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። እሱ ግን በሁለት የሚያልቅ ቁጥር የጻፈ መምህር ቃል አይበቃኝም ብሎ ማካፈሉን ቀጥሏል።