ያስጣልሁት ጉበት

«የተማረ ይግደለኝ» የሚባልበት ዘመን ነበር። ጎንደር የጤና ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና መንፈቅ ሳይሞላኝ፣ ነጭ ጋዋን ለብሼ ስሄድ ሰላም ላለኝ ሰው ቶሎ አልመልስም ነበር። እንዲህ ያለ ጉረኛ ነበርሁ።

በፋሲካ ማግስት ለልምምድ ኮሶዬ ወደሚባል ገጠር ተላክን። እዚያ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ነበረቻት። ልጅቱ ቀን ደህና ታያለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ግድግዳ እየዳበሰች ነው ቤት የምትገባው። ዳፍንት ይዟታል። እናቷ ከጎረቤት ጋር በገባችበት ቅርጫ የደረሳትን ሥጋ በሙሉ ትታ፣ በምትኩ የበሬውን ጉበት ለምና ወስዳለች። ያውም ሁዳዴን ሙሉ ጾማ።

ቤቷ ስደርስ ጉበቱ እሳት ላይ ነው። ልጅቱን ጋቢ አከናንባ እንፋሎቱ ላይ አስጎንብሳታለች፤ ዓይኗን ካጠነቻት በኋላ ጉበቱን ልታበላት ነው። እኔ ጥንቆላ መሰለኝ። ጎረቤት በተሰበሰበበት ተቆጣኋት፣ አላዋቂ አልኋት፣ ለውሻ እንድትጥለውም አዘዝሁ። ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ ሐኪም ያለውን እምቢ ማለት ፈርታ ጣለችው። ከተማ ስመለስ ነገሩን ለጓደኞቼ እያስመሰልሁ አወራኋቸው፤ ተሳሳቅን።

ክረምት ሳይገባ መምህራችን ስለ ቪታሚን ኤ አስተማሩን። ዓይን በድንግዝግዝ የሚያየው በእሱ ነው፤ ሰውነት ከምግብ ያገኘዋል፣ የተረፈውንም ጉበት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ዳፍንት ለያዘው ሰው የከብት ጉበት ማብላት መድኃኒት ነው፤ ካጣው ግን ዓይኑ እየቆሰለ ይጠፋል አሉን። ጓደኞቼ ሁሉ ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አንድ ጠርሙስ የዓሣ ጉበት ዘይት ለምኜ ኮሶዬ ተመለስሁ። የልጅቱ ግራ ዓይን ላይ ነጭ ጠባሳ ወጥቶበታል። እናቷ አልተቆጣችኝም፤ መቀመጫ ሰጠችኝ። ጠርሙሱን እያገላበጠች ከምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ። መዋሸት አማረኝ። ከዓሣ ጉበት ነው አልኋት።

ጠርሙሱን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው።

«ጉበትማ ነበረኝ፣ ልጄ» አለችኝ። «ምነው አስጣልኸኝ?»

ዘይቱን በማንኪያ ቀድቼ ልጅቱን አጠጣኋት። ልወጣ ስል እናቷ ከደጅ ድረስ ሸኘችኝና እግዜር ይስጥልኝ አለችኝ። ብትረግመኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር።